ዕዳ ከሜዳ እንዳይሆን፦ የአውሮፕላን ኪራይ በአየር መንገድ የሒሳብ መግለጫ

(በቦንጋ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ በአየር መሄድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ጅማ ይደርሳል፤ ከአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያም ይሳፈራል። ተሳፋሪው ቀበቶውን ሲያጠብቅ የሚያስበው ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አየሩ ጠባይና በመዲናይቱ ስለሚጠብቀው ጉዳይ ነው እንጂ «ይህ አውሮፕላን የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በጅራቱ ላይ የተቀባውን ቀለም አይቶ ባለቤቱን ያወቀ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚበሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግማሽ ያህሉ የሚበሩት በኪራይ ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች የአብራሪዎች ክፍል ውስጥና በሞተሮቻቸው ላይ እሳት የማይበላው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በሰሌዳውም ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ ይገኛል። የኪራይ ውሎች ይህን ሰሌዳ ግዴታ ያደርጋሉ። ስለዚህ የጅራቱ ቀለም የሚናገረው ስለ ተከራዩ ሲሆን የባለቤቱን ማንነት የሚናገረው ግን ተሳፋሪ የማያየው ትንሹ ሰሌዳ ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ሦስተኛው ምስክር ነው፤ ይኸውም የሒሳብ መዝገቡ። ከአርባ ዓመት ለማያንስ ጊዜ የአየር መንገዶች የሒሳብ መዝገብ ስለ አብዛኞቹ የኪራይ አውሮፕላኖች ዝም ብሎ ኖሯል። አውሮፕላኑ ይበር ነበር፤ ኪራዩም ይከፈል ነበር፤ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ግን ሀብቱም ዕዳውም አይታይም ነበር። ይህ ዝምታ እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደ ተሰበረና ከዚህ ለካፋ ባለሙያ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ቀጥሎ ይዘረዘራል።

ጉዳዩ ለምን በቦንጋ ይነሣል ቢባል ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከምሥረታው ጀምሮ የመንግሥት ሀብት በመሆኑ ዕዳውም ጥሪቱም በመጨረሻ የሚመለከተው ሕዝቡን ነው፤ ከዚህም ውስጥ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቀው የካፋ ገበሬ ይገኝበታል። ሁለተኛ፣ በዚህ ዞን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ የጭነት መኪና፣ መጋዘንና መሬት የሚከራዩ ድርጅቶች በርካታ ናቸው። የኪራይ ዕዳ ባሕርይ በአውሮፕላንም ሆነ በቡና መፈልፈያ መሣሪያ ያው አንድ ነው።

አንደኛ፦ አየር መንገዶች ለምን ይከራያሉ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው ከአሜሪካ የጦርነት ትርፍ ዕቃ በተገዙ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የደረሰው የመጀመሪያው በረራም በእነዚሁ በአንዱ የተደረገ ነው። በዚያ ዘመን የአየር መንገድ ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ሜዳው ላይ የቆሙትን አውሮፕላኖች መቁጠር ብቻ ይበቃ ነበር።

የጄት ዘመን ከመጣ በኋላ ግን የአንድ አውሮፕላን ዋጋ በብዙ ሚሊዮን ዶላር መቆጠር ጀመረ። አዲስ አውሮፕላን ያዘዘ ድርጅት ተራው እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል፤ ከተረከበውም በኋላ ገበያው ቢቀዘቅዝ ወይም አዲስ ዓይነት ሞተር ቢወጣ የአሮጌው ዋጋ መውደቅ ጉዳቱ የባለቤቱ ይሆናል። ይህን ችግር ተመልክተው አውሮፕላን ገዝተው የሚያከራዩ ድርጅቶች ተነሡ። ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ1975 በአየርላንድ፣ በሻነን የተቋቋመው ጊነስ ፒት አቪየሽን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን አየርላንድም እስከ ዛሬ የዚህ ንግድ ማዕከል ሆና ቀጥላለች።

ኢትዮጵያም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከዳር የቆመች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኬፕ ታውን የተፈረመውና የአውሮፕላን አከራዮችንና አበዳሪዎችን መብት የሚያስጠብቀው ስምምነት ከነአውሮፕላን ፕሮቶኮሉ መጋቢት 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ሲውል፣ ካስቻሉት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ስምምነቱ አከራዩ ኪራይ ባልተከፈለው ጊዜ ንብረቱን የሚያስመልስበትን መንገድ ስለሚያረጋግጥለት የአባል ሀገር አየር መንገድ በተሻለ ዋጋ እንዲከራይና እንዲበደር ይረዳዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዛሬ የሚያበራቸውን አውሮፕላኖች ከፊሉን በባለቤትነት፣ ከፊሉን በኪራይ ይዞ ይሠራል።

እንግዲህ ኪራይ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ተከራዩ የገባበት ግዴታ የት ተጽፎ ይታያል የሚለው ነው።

ሁለተኛ፦ ዝምታው እንዴት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የወጣው የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 13፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 17ም ኪራይን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው የፋይናንስ ኪራይ ሲሆን፣ በስሙ ኪራይ ቢባልም በባሕርዩ ግዢ ነው፤ የዕቃው ጥቅምና ሥጋት በአመዛኙ ወደ ተከራዩ ስለሚዞር በተከራዩ መዝገብ እንደ ሀብትና እንደ ዕዳ ይጻፍ ነበር። ሁለተኛው የአገልግሎት ኪራይ፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሊዝ የሚባለው ነው። በዚህኛው ዕቃው የአከራዩ ሆኖ ስለሚቀር ተከራዩ የየዓመቱን ኪራይ ልክ እንደ ነዳጅና እንደ ደመወዝ ወጪ ብሎ ከመጻፍ በቀር በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ አንዳች ነገር አያሰፍርም ነበር።

የአሜሪካው ደረጃ ድንበሩን በቍጥር አስቀመጠ። የኪራዩ ዘመን ከዕቃው የአገልግሎት ዕድሜ 75 በመቶ ከደረሰ፣ ወይም የኪራዩ የዛሬ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ 90 በመቶ ከደረሰ ኪራዩ የፋይናንስ ኪራይ ነው ተባለ። ቍጥር በተቀመጠበት ስፍራ ሁሉ ከቍጥሩ በታች የሚያድር ብልህ አይጠፋም፤ ውሎች 74 በመቶና 89 በመቶ ላይ እንዲያርፉ ሆነው ይዘጋጁ ጀመር። ዓለም አቀፉ ደረጃ ቍጥር ባያስቀምጥም ውጤቱ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚያበሩ ሁለት አየር መንገዶች፣ አንዱ በብድር ገዝቶ ሌላው በአገልግሎት ኪራይ ይዞ ቢሠሩ፣ የፊተኛው ባለ ዕዳ፣ የኋለኛው ግን ከዕዳ ነፃ መስሎ ይታይ ነበር።

በእርግጥ ግዴታው ጨርሶ አልተደበቀም፤ በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ውስጥ ወደፊት የሚከፈለው ኪራይ ይገለጽ ነበር። ይሁንና አበዳሪዎችና የብድር ደረጃ አውጪዎች ይህን ብቻ አምነው መቀመጥ ስላልቻሉ የዓመቱን ኪራይ በ7 ወይም በ8 አባዝተው ወደ ዕዳ የሚጨምሩበት የግምት ስልት ፈጠሩ። አንባቢ ዕዳውን በግምት ማባዛት ካስፈለገው መዝገቡ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ሰር ዴቪድ ትዊዲም ከመሞታቸው በፊት ከሚመኟቸው ነገሮች አንዱ በአየር መንገዱ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ በተመዘገበ አውሮፕላን መብረር እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 መናገራቸው በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው።

ቦርዱ ራሱ ባደረገው ግምት በዓለም ላይ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ድርጅቶች የኪራይ ግዴታ 3.3 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው በሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ የማይታይ ነበር። በዘርፍ ሲለይ ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት አየር መንገዶች ነበሩ፤ ያልተጻፈው የኪራይ ግዴታቸው ከጠቅላላ ሀብታቸው ከአንድ አምስተኛ ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛ፦ አዲሱ ደንብ በሥራ ላይ

ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 16 በጥር ወር 2016 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚከፈት የሒሳብ ዘመን ተፈጻሚ ሆነ። በሀገራችን በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፎቹ ደረጃዎች ሕጋዊ ሆነው፣ አፈጻጸማቸውንም እንዲከታተል የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። ሒሳቡን ሰኔ 30 ቀን ለሚዘጋ ድርጅት አዲሱ ደረጃ የደረሰው ሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀመረው የበጀት ዓመት ነው።

ደንቡ በአጭር ቃል ሲገለጽ፣ ለተከራዩ በፋይናንስ ኪራይና በአገልግሎት ኪራይ መካከል የነበረውን ግድግዳ አፍርሶታል። ከ12 ወር ያልበለጠ ኪራይና አነስተኛ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲቀሩ፣ ተከራይ ውል በያዘበት ዕቃ ሁሉ ላይ በአንድ በኩል የመጠቀም መብቱን እንደ ሀብት፣ በሌላ በኩል ወደፊት የሚከፍለውን ኪራይ በዛሬ ዋጋ ተምኖ እንደ ዕዳ ይጽፋል።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ አየር መንገድ አንድ አውሮፕላን ለ4 ዓመት ተከራየ፤ በየዓመቱ መጨረሻ 1,000,000 ዶላር ይከፍላል፤ የብድር ወለዱ 10 በመቶ ነው እንበል። በድምሩ የሚከፈለው 4,000,000 ቢሆንም የዛሬ ዋጋው 3,169,865 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ቀን ይህ ቍጥር በሁለቱም ወገን፣ በሀብትም በዕዳም ይጻፋል። በመጀመሪያው ዓመት በዕዳው ላይ 316,987 ዶላር ወለድ ይታሰባል፤ ክፍያው ሲቀነስለት ዕዳው 2,486,852 ሆኖ ይቀራል። ሀብቱ ደግሞ በ4 ዓመት እኩል ስለሚከፋፈል በየዓመቱ 792,466 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ይያዝበታል። የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ወጪ 1,109,453 ሲሆን የአራተኛው ዓመት ግን 883,375 ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የአራቱ ዓመት ወጪ ሲደመር ያው 4,000,000 ዶላር ነው፤ ከካዝና የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ሳንቲም እንኳ አልተለወጠም። ሁለተኛ፣ ወጪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከበድ፣ በመጨረሻዎቹ ቀለል ይላል። ሦስተኛ፣ ቀድሞ «ኪራይ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ የነበረው ወጪ አሁን ወለድና የእርጅና ቅናሽ ተብሎ ስለ ተከፈለ፣ ከወለድና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፍ አድጎ ይታያል። ሥራ አስኪያጅ ይህን ዕድገት እንደ ሥራ ውጤት አድርጎ ቢያቀርበው አድማጩ ሊታለል አይገባም፤ የተለወጠው የወጪው ስም ነው።

ደንቡ ሌላም በር ዘግቷል። ቀድሞ አንዳንድ አየር መንገዶች ያላቸውን አውሮፕላን ለአከራይ ሸጠው ያንኑ መልሰው በመከራየት፣ ከሽያጩ የተገኘውን ትርፍ በሙሉ በዓመቱ ገቢ ላይ ይጽፉ ነበር። አሁን ግን ሻጩ አውሮፕላኑን መልሶ እስከ ተጠቀመበት ድረስ የያዘውን መብት እንደ ሸጠ አይቆጠርለትም፤ ትርፍ የሚጻፍለት በእርግጥ ለገዢው በተላለፈው መብት መጠን ብቻ ነው።

አራተኛ፦ የመሐንዲሱ ድርሻ

እስከዚህ የተባለው የሒሳብ ባለሙያው ሥራ ይመስላል። የኪራይ ሒሳብ እውነተኛ ክብደት የሚገኘው ግን በጥገና አዳራሹ ውስጥ ነው። የተከራየ አውሮፕላን እንደ ተከራየ ቤት ነው፤ ቍልፉን መልሶ መውጣት ብቻ አይበቃም። ውሉ አውሮፕላኑ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በዝርዝር ይደነግጋል፦ ሞተሩ ስንት የበረራ ሰዓት እንዲቀረው፣ የዕድሜ ገደብ ያላቸው ክፍሎች ስንት መነሣትና ማረፍ እንዲቀራቸው፣ የማረፊያ እግሩና የአካሉ ምርመራ ከመቼ ወዲህ እንዲሆን፣ የጥገና ሰነዱም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይጎድል እንዲገኝ ይጠይቃል። አንድ የጎደለ የክፍል ታሪክ ወረቀት ደኅናውን ብረት ዋጋ ቢስ ሊያደርገው ይችላል።

ይህ ግዴታ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አይወለድም፤ አውሮፕላኑ በበረረ ቍጥር ያድጋል። ለምሳሌ የአንድ ሞተር ሙሉ ጥገና 2,400,000 ዶላር የሚያስወጣና በየ8,000 የበረራ ሰዓቱ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 300 ዶላር ዕዳ ይወልዳል። አውሮፕላኑ በዓመት 3,000 ሰዓት ቢበር የዚያ አንድ ሞተር ብቻ 900,000 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከላይ ለምሳሌ ከተነሣው የዓመት ኪራይ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ኪራዩን በትክክል ጽፎ የመመለሻውን ወጪ መጠባበቂያ ያልያዘ መዝገብ ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል።

ብዙ ውሎች ተከራዩ ይህን ወጪ አስቀድሞ በየወሩ ለአከራዩ እንዲያስቀምጥ ያዛሉ። ክፍያው በበረራ ሰዓት ልክ የሚለዋወጥ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን በኪራይ ዕዳው ውስጥ አይገባም። አንባቢ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚያየው የኪራይ ዕዳ የተከራዩ ግዴታ ሁሉ መስሎ እንዳይታየው መጠንቀቅ ይገባዋል። እንዲሁም አውሮፕላኑ ከአብራሪው፣ ከጥገናውና ከመድኑ ጋር ተጠቃልሎ ሲከራይ፣ የአውሮፕላኑ ኪራይ በመርሕ ደረጃ ከአገልግሎቱ ዋጋ ተለይቶ ይተመናል።

የሰዓቱን ልክ የሚያውቀው ማን ነው? የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ የሚነሣ ሞተር ኃይሉን ቆጥቦ የመነሣት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ስለዚህም ከባሕር ዳርቻ ከሚነሣው ይልቅ ይደክማል። እንደ አዲስ አበባና ጅማ ባለ አጭር መስመር ላይ የተሰማራ አውሮፕላን ደግሞ የበረራ ሰዓቱ ጥቂት ሆኖ ሳለ የመነሣትና የማረፍ ቍጥሩ ቶሎ ይደራረባል። የሒሳብ ባለሙያው ከሌላ ሀገር መጽሐፍ ያገኘውን አማካይ ቢወስድ መጠባበቂያው ያንሳል፤ በመመለሻው ቀንም ዕዳ ከሜዳ ይመጣል። ትክክለኛውን ቍጥር ሊሰጥ የሚችለው ሞተሩን ከፍቶ የሚያየው ባለሙያ ነው።

የኪራዩ ዘመንም እንዲሁ ነው። ውሉ «4 ዓመት፣ ተከራዩ ቢፈልግ ሌላ 2 ዓመት» ካለ፣ ዕዳው በ4 ዓመት ይተመን ወይስ በ6? ደረጃው መልሱን የሚያቆመው ተከራዩ ውሉን እንደሚያራዝም በቂ እርግጠኛነት መኖሩ ላይ ነው። ይህን የሚመልሰው ምትክ አውሮፕላን መቼ እንደሚደርስና አሮጌው እስከ መቼ እንደሚያዋጣ የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህ የተነሣ መሐንዲሱ በአንድ መስመር ማስታወሻ የሚሰጠው አስተያየት የሚሊዮኖች ዶላር ዕዳ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል።

አምስተኛ፦ ኪራዩ በዶላር፣ መዝገቡ በብር ሲሆን

የአውሮፕላን ኪራይ በአብዛኛው የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው። መዝገቡን በብር የሚይዝ ተከራይ በዶላር ያለበትን ዕዳ በእያንዳንዱ የሒሳብ መዝጊያ ቀን በዕለቱ ምንዛሪ እንደገና ይተምነዋል፤ የመጠቀም መብቱ ሀብት ግን በመጀመሪያው ቀን ምንዛሪ እንደ ተጻፈ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ጭማሪው ቀጠለ። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው 3,169,865 ዶላር በ57 ብር ሲሰላ ወደ 180.7 ሚሊዮን፣ በ74 ብር ሲሰላ ደግሞ ወደ 234.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አንዲት መቀመጫ እንኳ ሳትጨመር የዕዳው ቍጥር በ54 ሚሊዮን ብር ገደማ ያድጋል፤ ልዩነቱም ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል።

ቲኬቱን በዶላር የሚሸጥ አየር መንገድ ይህን ኪሳራ ወደፊት በሚያገኘው ገቢ ያካክሰዋል። ገቢው በብር ብቻ የሆነ ተከራይ ግን መካሻ የለውም። እንግዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚከራይ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የኪራዩን መጠን ብቻ ሳይሆን ገቢውና ዕዳው በአንድ ዓይነት ገንዘብ መሆናቸውን ጭምር ነው።

ስድስተኛ፦ ጉዳዩ በካፋ

አሁን ነገሩን ከአየር ወደ ምድር፣ ከቦሌ ወደ ቦንጋ ማውረድ ተገቢ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የቡና አቅራቢ ድርጅት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በዓመት በ400,000 ብር ለ5 ዓመት ተከራየ እንበል። ውሉ የማይሻር ነው። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ለእሸት መግዣ ከባንክ ብድር ይጠይቃል። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ሲታይ ዕዳ የለበትም፤ የ2,000,000 ብር ግዴታ ግን ተፈርሞ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በአየር መንገዶች ላይ የጸናው ደረጃ 16 በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ላይ አይጸናም። ለእነርሱ የተዘጋጀው አጭሩ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በሦስተኛው እትሙ እንኳ የቀድሞውን ክፍፍል እንደ ያዘ ቀጥሏል። ስለዚህ በዚህ አጭር ደረጃ የሚሠራ የቦንጋ ድርጅት የአገልግሎት ኪራዩን እስከ ዛሬ ከሀብትና ዕዳ መግለጫው ውጭ ቢያደርግ ሕግ አልጣሰም። ሆኖም ያው ደረጃ የማይሻር ኪራይ ያለበት ድርጅት ወደፊት የሚከፍለውን በሦስት ከፍሎ በማብራሪያው እንዲገልጽ ያዛል፦ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈለውን፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚከፈለውን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከፈለውን። ይህን ማብራሪያ ሳያዩ ማበደርም መበደርም በጨለማ መንገድ እንደ መሄድ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው በክፉ ዓመት ነው። የጫካው ቡና አንድ ዓመት በብዛት አፍርቶ በሚቀጥለው ሊያንስ ይችላል፤ የቡና ዋጋም በዓለም ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። እሸት የሚቀላበት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን ኪራዩ ግን በ12ቱም ወር ይቆጥራል። ማጠቢያው ቢታጠብበትም ባይታጠብበትም፣ መኪናው ቢጫንም ባይጫንም ዕዳው ዕዳ ነው። የባንኩ ብድርና የጣቢያው ኪራይ በአንድ ወር ላይ ሲገናኙ፣ መጀመሪያ ሳይከፈለው የሚቀረው እሸቱን በእምነት ያስረከበው ገበሬ ይሆናል። የኪራይ ዕዳን የመግለጽ ጉዳይ ይህን ያህል ሰውን የሚነካ ነው።

በሌላ በኩል በካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ አዋጅ ቁጥር 103/1990ና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 807/2005 መሠረት መሣሪያ በፋይናንስ ኪራይ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። እንዲህ ባለ ውል ተከራዩ በዘመኑ መጨረሻ መሣሪያውን የራሱ የሚያደርግ ከሆነ ሀብቱና ዕዳው በመዝገቡ ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ሁለቱን ኪራዮች «ያው ኪራይ ነው» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም።

ስለዚህ ደረጃው ባያስገድድም ማንኛውም ተከራይ ድርጅት አምስት ዓምድ ያለው አንድ የኪራይ መዝገብ ቢይዝ ይጠቀማል። በመጀመሪያው ዓምድ የተከራየው ዕቃ፣ በሁለተኛው የባለቤቱ ስም፣ በሦስተኛው የውሉ ዘመንና የማራዘም መብቱ፣ በአራተኛው የክፍያው መጠን፣ ቀንና የገንዘቡ ዓይነት፣ በአምስተኛው ዕቃው በምን ሁኔታ እንደሚመለስና ያ ምን እንደሚያስወጣ ይጻፋል። አራቱን ዓምዶች የሒሳብ ሠራተኛው ከውሉ ይገለብጣቸዋል። አምስተኛውን ግን መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ፈርሞ ሊሞላው ይገባል።

ሰባተኛ፦ በደንቡ ላይ የሚሰነዘሩ አስተያየቶች

አዲሱ ደንብ ነቃፊ አላጣም። አንዳንዶች የወለዱ መጠን በግምት የሚያዝ በመሆኑ ዕዳውም ግምት ሆነ ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ወለዱ ከ10 በመቶ ወደ 6 በመቶ ቢወርድ የዛሬ ዋጋው ከ3.17 ሚሊዮን ወደ 3.47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይወጣል። ሌሎች ደግሞ የአሜሪካው አዲስ ደረጃ ዕዳውን በመግለጫው ላይ ቢያስገባም የአገልግሎት ኪራይ ወጪን በየዓመቱ እኩል አድርጎ ስለሚያስቀጥል የሁለቱ ወገን አየር መንገዶች ትርፍ ለማነጻጸር አያመችም ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ሆኖም በግምት የተጻፈ ዕዳ መነሻ ግምቱ ስለሚገለጽ ሊመረመር፣ ሊታረም ይችላል። ያልተጻፈ ዕዳ ግን የሚታረምበት ስፍራ እንኳ የለውም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የአየር መንገዶች ታሪክ በዚህ አባባል ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ የሰው ወርቅ ሠርቶ ሊያበላ፣ ሀገር ከሀገር ሊያገናኝ ይችላል። ነገር ግን የሚመለስበት ቀን አለው፤ ሲመለስም ይመዘናል። የተዋሰው ሰው ክብሩ የሚጠበቀው ወርቁ የማን እንደ ሆነ፣ እስከ መቼ በእጁ እንደሚቆይና ሲመልሰው ምን ያህል እንደሚጎድል አስቀድሞ ጽፎ ያኖረ እንደ ሆነ ነው።

ከጅማ የሚሳፈረው የቦንጋ መንገደኛ በአብራሪዎች ክፍል ያለውን ሰሌዳ ያይ ዘንድ አይጠበቅበትም። መሐንዲሱ ግን አይቶታል፤ የሒሳብ ባለሙያውም ሰምቶታል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ቢጽፉ፣ የሕዝቡ አየር መንገድም ሆነ የካፋው ቡና አቅራቢ ዕዳውን ሳይደርስበት ያውቀዋል። ከዚህ ጉባኤ የሚመለስ እያንዳንዱ አባል በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለውን የኪራይ ውል አውጥቶ ቢያንስ የመመለሻውን አንቀጽ ቢያነብ የዚህ ንግግር ዓላማ ተፈጽሟል።